ሳይለካ አይነቀልም

‹‹ገጣጣ›› የሚለውን ቃል ሳይሰማ ያደገ የድሬዳዋ ልጅ ያለ አይመስለኝም። በእኛ ከተማ ቅጽል ስም የማይወጣለት ሰው የለም። ለወፍራሙም፣ ለቀጭኑም፣ ለረጅሙም፣ ለአጭሩም ስም አለው። በአማርኛ ካልተገኘለት በኦሮምኛ፣ በኦሮምኛም ካልሆነ በሶማሊኛ ይፈለግለታል። ስም አውጪው ክፋት ኖሮት አይደለም፤ አቦ፣ ጨዋታ ነው! የሚከፋው ባለ ስሙ ብቻ ነው።

ታናሽ እህቴ ይህን ስም የተሸከመችው አራተኛ ክፍል ሳለች ነው። የላይኞቹ የፊት ጥርሶቿ ወደ ውጭ ወጣ ያሉ ነበሩ። የታችኞቹ ደግሞ ወደ ውስጥ ቀርተው እርስ በርስ ተደራርበዋል። ከንፈሮቿ ካላስገደደቻቸው አይገጥሙም። መጀመሪያ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍን ነበር፤ በኋላ በኋላ ሳቁንም ተወችው። አበው ‹‹ጥርስ ባዳ ነው›› ይላሉ፤ ሆድ እያለቀሰም ጥርስ ይስቃል ለማለት ነው። የእህቴ ነገር ግን ተገላቢጦሽ ነበር። ሆዷ መሳቅ እየፈለገ ጥርሷ ከለከላት።

ይህን ጽሑፍ የማቀርበው ስለ እህቴ መልክ ለማውራት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ቤታችን ለወራት የተከራከረበት አንድ ጥያቄ ነበር፤ ‹‹ጥርሷ ይነቀል ወይስ አይነቀል?›› የሚል። የጋዜጠኝነት ተማሪ ከሆንኩ በኋላ ጉዳዩን እያነበብኩ ስሄድ፣ የእኛ ቤት ክርክር ከመቶ ዓመት በላይ የዓለም ሐኪሞችንም ሲያከራክር የኖረ መሆኑን አወቅሁ። ስለዚህ ያየሁትንና ያነበብኩትን አንድ ላይ ላቀርብላችሁ ወደድሁ።

ነገሩ የተጀመረው እናቴ እህቴን ወደ አንድ የጥርስ ክሊኒክ በወሰደቻት ቀን ነው። ባለሙያው አፏን አስከፍቶ በትንሿ መስታወት ሁለት ደቂቃ ያህል አየ። ከዚያም ‹‹ቦታ የላትም። ከላይ ግራና ቀኝ ሁለት ጥርስ ይነቀልና የፊቶቹ ወደ ኋላ ይገባሉ። ሽቦ ካላችሁ ግን አዲስ አበባ መሄድ ነው፤ እሱ ደግሞ ውድ ነው›› አለ። ራጅ አልተነሳችም፤ የተለካ ነገርም አልነበረም። እናቴ ‹‹አስቤበት እመለሳለሁ›› ብላ ልጇን ይዛ ወጣች።

ማታ ቤት ውስጥ ሦስት ወገን ሆንን። አባቴ ይነቀል ባይ ነው። መንቀል ርካሽ ነው፤ በአንድ ቀን ያልቃል፤ አዲስ አበባ መመላለስ አያስፈልግም። የደሞዝተኛ ሰው ሐሳብ ነውና አይፈረድበትም። እናቴ ደግሞ ‹‹ከልጄ አፍ አንድም ጥርስ አይወጣም!›› ብላ ገገመች። ሦስተኛው ወገን አያቴ ነበር። (ድሬ ‹‹አንቱ›› ማለት ስለማትወድ እኔም አያቴን ‹‹አለ›› እያልኩ ነው የምጽፈው፤ አትቀየሙኝ።) አያቴ ዕድሜውን የጨረሰው በምድር ባቡር ወርክሾፕ ነው። ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ‹‹ለኳት?››

‹‹አልለኳትም።››

‹‹ታዲያ በምን አወቁ? እኛ ሐዲዱ አንድ ሜትር መሆኑን ሳንለካ ባቡር አንለቅም ነበር። ቦታ የለም ያለው ሰው ስንት እንደጎደለ ይንገረኝ።››

በእውነቱ ከዚያ በኋላ ካነበብኩት ሁሉ የዚህን ጥያቄ ያህል የጠቀመኝ የለም።

የእናቴ እምቢታ ግን የራሱ ታሪክ አለው። እሷ የተወለደችው ገጠር ነው። ሕፃን ሳለች ትኩሳትና ተቅማጥ ሲይዛት ‹‹ግግ ነው›› ተባለ፤ ድዷ ተቆፍሮ ወጣላት። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ግግ የሚባለው ነገር በሽታ አይደለም። ሊወጣ ጊዜውን የሚጠብቅ የወተት ክራንቻ ጥርስ ነው፤ ከድድ በታች ነጣ ብሎ፣ አበጥ ብሎ ስለሚታይ የሕመሙ ምክንያት ይመስላል። ንጽሕና በሌለው መሣሪያ ሲወጣ ሕፃኑን ለመድማትና ለኢንፌክሽን ይዳርጋል። ከሥሩ የሚበቅለው የቋሚው ጥርስ እንቡጥም አብሮ ሊጎዳ ይችላል። ከዓመታት በኋላ ክራንቻው ጨርሶ ሳይበቅል ይቀራል፣ ወይም ተበላሽቶ ይወጣል፣ ወይም ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ይዘማሉ። እናቴ በአንድ በኩል ክራንቻ የላትም፤ የፊት ጥርሶቿም ወደዚያ ጎን ዘመም ያሉ ናቸው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን የሕፃናትን የወተት ጥርስ ማውጣትን ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች መካከል በስም ጠቅሶታል።

ስለዚህ እናቴ ‹‹አይነቀልም›› ስትል ከራሷ አፍ ተነስታ ነው። ፍርሃቷ ይገባኛል። ግን እኮ ፍርሃት መለኪያ አይሆንም። የአባቴ ኪስም መለኪያ አይሆንም። ሁለቱም ስለ እህቴ መንጋጋ የሚናገሩት ነገር የለም።

በመጨረሻ ያሸነፈው የአያቴ ጥያቄ ነው። የክረምቱ ዕረፍት ሲመጣ እናቴና እህቴ በሌሊት አውቶቡስ ተሳፍረው፣ ሙሉ ቀን ተጉዘው አዲስ አበባ አክስታችን ቤት ገቡ። እኔም ሻንጣ ተሸካሚ ሆኜ አብሬ ሄድኩ። እዚያ ያገኘናት ሐኪም የጥርስ አሰላለፍ ስፔሻሊስት ነበረች፤ ኦርቶዶንቲስት የሚባሉት ማለት ነው። የመጀመሪያው ቀን ምንም አላደረገችላትም ማለት ይቻላል፤ ስትለካ ነው የዋለችው። የጥርሷን ቅርጽ በጀሶ ቀረጸች፤ ከፊትና ከጎን ራጅ አስነሳቻት፤ ፎቶ አነሳቻት። ከዚያ የጀሶ ጥርሶቹን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ቁጥሮቹን ነገረችን።

የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ከታችኞቹ 9 ሚሊ ሜትር ቀድመዋል። ጤነኛው 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ነው። ታች ረድፍ ላይ ጥርሶቹን አስተካክሎ ለመደርደር የጎደለው ቦታ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሦስተኛው ግን ማንም ያላሰበው ነበር። ‹‹የላይኛው መንጋጋዋ ብዙም አልወጣም፤ የታችኛው ነው ወደ ኋላ የቀረው። እድገቷ ገና ስለሆነ ደግሞ የምንሠራበት ጊዜ አለን›› አለችን። ሐኪሟ ጨምራ የነገረችን ነገር አለ፤ ጉዳዩ የመልክ ብቻ አይደለም። በጣም የወጡ የፊት ጥርሶች ልጅ ሲወድቅ ወይም ኳስ ሲመታው ለመሰበር የተጋለጡ ናቸው።

ሐኪሞች ቦታ ሲጎድል የሚጠቀሙበት ሻካራ መለኪያ አለ። የጎደለው ከ4 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ መንቀል እምብዛም አያስፈልግም። ከ5 እስከ 9 ከሆነ እንደ ሰውየው ሁኔታ ነው፤ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መንቀል ግድ ይላል። እንግዲህ እህቴ ቦታ ‹‹የላትም›› የተባለው ነገር ሲለካ ይህን ያህል ነበር።

‹‹ሳይነቀል ቦታ ከየት ይመጣል?›› ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። እኔም ጠይቄ ነበር። አንዱ ምንጭ የወተት ጥርስ ራሱ ነው። ከኋላ ያሉት የወተት መንጋጋ ጥርሶች ከሚተኳቸው ቋሚ ጥርሶች ይሰፋሉ። ሲወልቁ በታችኛው ረድፍ በእያንዳንዱ ጎን 2.5፣ በላይኛው ደግሞ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ትርፍ ይገኛል። ዝም ከተባለ የኋላው ትልቁ ጥርስ ወደ ፊት ተንሸራቶ ቦታውን ይበላዋል። አስቀድሞ ቀጭን ሽቦ ከታሰረበት ግን ቦታው ይጠበቃል። እህቴ ያኔ አሥራ አንድ ዓመት ተኩል ነበረች፤ የኋላ የወተት ጥርሶቿ ገና አልወለቁም። ታች የጎደላት 4፣ ሊገኝ የሚችለው 5። ሒሳቡ ተዘጋ ማለት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ብንሄድ ኖሮ ይህ ትርፍ አይኖርም ነበር።

ሌላው ምንጭ ላንቃን ማስፋት ነው። ላንቃችን ከሁለት አጥንቶች የተሠራ ሲሆን መሐሉ ላይ ስፌት አለው። ልጅነት ሳያልፍ ስፌቱ ገና ስላልጠነከረ በትንሽ ብሎን ቀስ በቀስ ሊሰፋ ይችላል። ቁልፉ አንድ ጊዜ ሲዞር ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ይከፍታል። አሜሪካዊው ኤመርሰን አንጄል ይህን ዘዴ በአንዲት የ14 ዓመት ልጅ ላይ ሞክሮ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1860 ነው። የጥርሶችን ጎን በሚሊ ሜትር አሥረኛ ክፍሎች ብቻ መሞረድና የኋላ ጥርሶችን ወደ ኋላ መግፋትም አሉ። እንደ እህቴ የታችኛው መንጋጋ ወደ ኋላ ለቀረ ልጅ ደግሞ ‹‹ትዊን ብሎክ›› የሚባል ተወላቂ መሣሪያ አለ። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ዊልያም ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1977 የጀመረው ነው። ከላይና ከታች ሁለት የፕላስቲክ ተረከዞች አሉት። አፍ ሲዘጋ ሁለቱ ተደጋግፈው የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት ያመጡታል። ምርምሮች እንደሚያሳዩት በመንጋጋው ላይ የሚገኘው ትርፍ እድገት ትንሽ ነው፤ አብዛኛው ለውጥ የጥርሶቹ መንቀሳቀስ ነው። ቢሆንም ሥራውን ይሠራል።

አሁን ወደ ትልቁ ክርክር ልውሰዳችሁ። የዚህ ሙያ አባት የሚባለው አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 የተዛባ የጥርስ አገጣጠምን በሦስት ክፍል የመደበው እሱ ነው፤ አመዳደቡ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። አንግል ‹‹ሰው የተፈጠረው ከሙሉ ጥርሱ ጋር ነው፤ ስለዚህ ለማቃናት ብሎ መንቀል አይገባም›› የሚል እምነት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1911 ካልቪን ኬዝ የተባለ ሐኪም ተነስቶ አንዳንድ ሰው ላይ መንቀል ተገቢ ነው ብሎ ተከራከረ። ያኔ የአንግል ወገን በረታ። የሚገርመው ግን ክርክሩን የገለበጠው የአንግል የራሱ ተማሪ መሆኑ ነው። ቻርልስ ትዊድ የመምህሩን ትእዛዝ ጠብቆ ሳይነቅል ያከማቸው ሕሙማን ጥርስ ተመልሶ ሲዛባ፣ ወደ ፊትም ሲወጣ አየ። 100 ያህሉን ነቅሎ እንደገና አከመና እ.ኤ.አ. በ1940 ከነማስረጃው ለሙያ ጓደኞቹ አቀረበ።

ከዚያ በኋላ ዓለም ወደ መንቀል ዞረ። በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ክሊኒክ ለማቃናት ሲባል ጥርስ የተነቀለላቸው ታካሚዎች እ.ኤ.አ. በ1953 30 በመቶ ነበሩ። በ1968 ቁጥሩ 76 በመቶ ደረሰ። በ1993 ደግሞ ወደ 28 በመቶ ወረደ። እስቲ አስቡት! በ40 ዓመት ውስጥ የሰው መንጋጋ ጠብቦ ተመልሶ አልሰፋም። የተለወጠው የሐኪሞቹ አስተሳሰብና መሣሪያ ነው። ‹‹ይነቀል›› ወይም ‹‹አይነቀል›› የሚለው ቃል አንዳንዴ ስለ ታካሚው አፍ ሳይሆን ስለ ዘመኑ ፋሽን ይናገራል ማለት ነው።

መምህራኖቻችን ‹‹ሁለቱንም ወገን ጠይቁ›› ይሉናልና ሌላውንም ወገን ላምጣ። እኔ ዶርም ውስጥ አብሮኝ የሚኖር ልጅ አራት ጥርስ ተነቅሎለት ነው ሽቦ የታሰረው። ታሪኩን ስጠይቀው፣ የእሱ ጉድለት ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ ነበር፤ ተለክቶ፣ ራጅ ተነስቶ፣ ምክንያቱ ተነግሮት ነው የተነቀለለት። ዛሬ ጥርሱ ያማረ ነው፤ ፊቱም አልጎደለም። እሱን ሳይነቅሉ ልርዳህ ቢሉት ኖሮ ጥርሶቹን ከአጥንታቸው አስወጥቶ መደርደር ይሆን ነበር። ስለዚህ ‹‹አለመንቀል›› በራሱ ጽድቅ አይደለም። የእሱና የእህቴ ሕክምና በውጤት ተቃራኒ ቢመስልም በአንድ ነገር ይመሳሰላል፤ ሁለቱም ተለክተዋል።

እህቴ ትዊን ብሎኩን ለአሥር ወር ያህል አደረገች። የመጀመሪያው ሳምንት ‹‹ሰ›› እና ‹‹ሸ›› አልወጣ ብሏት ነበር፤ ምራቋም ያስቸግራት ነበር። ቀጥሎ ሽቦው መጣና አሥራ ስድስት ወር ቆየ። ቆሎ፣ ሸንኮራ፣ የበቆሎ እሸት፣ ማስቲካ ክልክል ሆነ። በድሬ ሙቀት ቀዝቃዛ ለስላሳ መከልከል ደግሞ ራሱን የቻለ ቅጣት ነው! ከምግብ በኋላ ሁሉ መቦረሽ ግዴታ ነው፤ ሽቦ ውስጥ የቀረ ምግብ ጥርስ ያበሰብሳል። ጥርስ የሚንቀሳቀሰው በወር አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። አጥንቱ በአንድ በኩል እየተበላ፣ በሌላው በኩል እየተሠራ ስለሆነ አይቻኮልም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ነው የሚመስለው።

በየስድስት ሳምንቱ አዲስ አበባ መመላለስ ነበረባቸው። ወጪው በጠቅላላ ከአባቴ የስድስት ወር ደሞዝ ይበልጣል። ክፍያው በየቀጠሮው እየተከፋፈለ ባይሆን ኖሮ አይታሰብም ነበር። እናቴ ዕቁቧን አስቀድማ ወሰደች፤ አያቴ ከጡረታው ለአውቶቡስ አዋጣ። አባቴ እያጉረመረመ አንድም ቀጠሮ ሳያሳልፍ ከፈለ። ይህን የምጽፈው ማንም ቤተሰብ ይችለዋል ለማለት አይደለም። የማይችለው ይበዛል። ሆኖም አንዳንዱ ነገር ገንዘብ ሳይሆን ወቅቱን ማወቅ ብቻ ነው የሚጠይቀው። የወተት ጥርስን ያለ ምክንያት አለመንቀል፣ በጊዜ የተበላሸውን ማሳከም፣ ልጁ እያደገ ሳለ አንድ ጊዜ ማስመርመር ነው። የአሜሪካ ኦርቶዶንቲስቶች ማኅበር ይህ ምርመራ ከ7 ዓመት እንዳያልፍ ይመክራል። ሴት ልጅ በፍጥነት የምታድገው 12 ዓመት አካባቢ፣ ወንድ ደግሞ 14 አካባቢ ነው። ያ ጊዜ ካለፈ በብርም ተመልሶ አይገዛም።

እህቴ አሁን 15 ዓመቷ ነው። አፏ ውስጥ 28 ጥርስ አለ፤ ለማቃናት ተብሎ የተነቀለ አንድም የለም። የላይና የታች ጥርሶቿ ይገናኛሉ። እንጀራ በፊት ጥርሷ ስትቆርጥ ማየት ለእናቴ አሁንም ትርኢት ነው። ሰፈር ግን ስሙን አልቀየረም፤ አንዳንዱ ዛሬም ‹‹ገጣጣ›› ይላታል። ‹‹አቦ ተዋቸው፣ ስሙ ለምደው ነው›› ብላ ትስቃለች፤ በሙሉ አፏ።

ሥራው ግን አላለቀም። ጥርስ ወደ ነበረበት መመለስ ይወዳል። ሮበርት ሊትል የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ጥናት ጥርስ ተነቅሎላቸው ከታከሙ 65 ሰዎች መካከል ወደ ሁለት ሦስተኛው የሚሆኑት የታችኛው የፊት ረድፋቸው ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ተዛብቶ ተገኝቷል። መንቀልም ዘላለማዊ ዋስትና አይሰጥም ማለት ነው። ስለዚህ እህቴ ማታ ማታ ሪቴይነር የሚባለውን መያዣ አድርጋ ትተኛለች። እስከ መቼ? ብዬ ሐኪሟን ጠይቄያት ነበር። ‹‹ቀጥ ብሎ እንዲቆይ እስከፈለገች ድረስ›› ነው ያለችኝ።

እንግዲህ የዲፓርትመንታችን ልጆች፣ ነገ ሬዲዮ ጣቢያ ወይም ጋዜጣ ቤት ስንገባ ‹‹የጤና አምድ›› የሚባለው ብዙ ጊዜ ለጀማሪ ነው የሚሰጠው፤ እኛው ነን የምንጽፈው። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ለእናቶችና ለአባቶች ልንነግራቸው የምንችለው ነገር ይህ ነው። ልጃችሁን ‹‹ይነቀል›› የሚል ሰው ሲገጥማችሁ አትቆጡ፤ ልክ ሊሆንም ይችላል። ግን ስንት ሚሊ ሜትር እንደጎደለ፣ የተዛባው ጥርሱ ይሁን መንጋጋው፣ ልጁ ስንት የእድገት ጊዜ እንደቀረው ጠይቁት። መልስ ካለው ስሙት። መልስ ከሌለው ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡና የሚለካ ሰው ፈልጉ። የተነቀለ ጥርስ አይመለስም፤ ያልተነቀለ ግን ነገም ይነቀላል።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ቸር ሰንብቱ።